ጧሪ ያጡት የሶቪየት አይሁድ አረጋውያን፦ «እርዳታው ይቁም» ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በአማርኛ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ላከልኝ። የሚያወራው በዩክሬን፣ በሩሲያ፣ በቤላሩስ፣ በሞልዶቫና በሌሎቹ የቀድሞ ሶቪየት አገሮች ለሚኖሩ ድሃ የአይሁድ አረጋውያን ስለሚሰጠው እርዳታ ነው። የጸሐፊው መደምደሚያ አጭር ነው። እርዳታው ይቁም ይላሉ። ምክንያታቸውን ደርድረዋል፦ አይሁድ ሀብታም ናቸው፤ ጡረታ መክፈል የመንግሥት ሥራ ነው፤ ከቸገራቸው እስራኤል ይሂዱ፤ ለወገን ብቻ የሚሰጥ እርዳታ አድልዎ ነው፤ ምግብ ማደል ሰውን ጥገኛ ያደርጋል፤ ገንዘቡም ይሰረቃል፤ ሰዎቹም ቢሆኑ ጥቂት ዓመት ነው የቀራቸው።

ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በደርግ ዘመን ስኮላርሺፕ አግኝተን ሶቪየት ኅብረት ከተማርነው ብዙ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነኝ። ዩክሬን ውስጥ፣ ካርኮቭ ነው የተማርኩት። ዛሬ ካርኪቭ ይሏታል። ጸሐፊው በቁጥርና በሐሳብ የሚያወሩባቸውን ሰዎች እኔ በመልክ አውቃቸዋለሁ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ሀብታም ናቸው» ከሚለው ልጀምር። ጸሐፊው ይህን ሲጽፉ ኒውዮርክ ያለ ባለ ሕንጻ በዓይናቸው መጥቶ ይሆናል። ለእኔ የሚመጡብኝ የሩሲያኛ መምህሬ ናቸው። ገና ከአዲስ አበባ እንደመጣን፣ አንድ ቃል ሳናውቅ፣ በመሰናዶው ዓመት ቋንቋውን አፋችን ውስጥ ያስገቡልን እሳቸው ነበሩ። በ2013 ለሥራ ወደ ካርኪቭ ስመለስ አፈላልጌ አገኘኋቸው። በክሩሽቾቭ ዘመን ከተሠሩት ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻዎች አንዱ ውስጥ፣ አምስተኛው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ሊፍት የለውም። 83 ዓመታቸው ነበር። ከቤት ከወጡ ሰባት ወር አልፏቸዋል። «መውረዱን እወርዳለሁ፣ መውጣቱ ነው እምቢ ያለኝ» አሉኝ።

ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ፖስታ አለ። አንዱ ላይ «ቤት» ተብሎ ተጽፏል፤ የማሞቂያ፣ የጋዝና የውሃ ክፍያ ነው። ሁለተኛው ላይ «መድኃኒት» ይላል። ሦስተኛው ላይ ምንም አልተጻፈም። ከሁለቱ የተረፈው እዚያ ይገባል፣ የሚበሉትም ከሱ ነው። የደም ግፊት ኪኒናቸውን በቢላ ለሁለት ከፍለው ግማሿን ለነገ ያስቀምጣሉ። ሻይ አፈሉልኝና ከቁም ሣጥኑ አንድ ጣሳ ጣፋጭ ወተት አወጡ። ከእርዳታው ጥቅል ጋር የመጣ ነው። ለእንግዳ ብለው አራት ወር ሙሉ ሳይከፍቱት አስቀምጠውት ነበር፣ እንግዳ ግን አልመጣም። እኔ ነኝ የመጣሁት። ከፈቱትና እያወራን ሳለ የሩሲያኛ ሰዋስዌን እንደ ድሮው መሃል ላይ አቋርጠው አረሙኝ።

እኚህ ሴት አርባ ዓመት ያህል አስተምረዋል። አልሰነፉም፣ አላባከኑም። የቁጠባ ደብተራቸው አሁንም መሳቢያቸው ውስጥ ነው። በጥር 1992 የዋጋ ቁጥጥር ሲነሳ ሩብል አፈር በላ። ዩክሬን ደግሞ በ1993 የዋጋ ንረቱ ከ10,000 በመቶ በላይ ሆነባት። በ1996 ህሪቭኒያ የሚባለው አዲሱ ገንዘብ ሲመጣ አንዱ ህሪቭኒያ የተተካው በ100,000 ካርቦቫኔትስ፣ ማለትም በቀድሞው ገንዘብ፣ ነው። የሃያ ዓመት ቁጠባ በዚህ መሃል አለቀ። በ2008 መንግሥት ለሶቪየት ባንክ ቆጣቢዎች እስከ 1,000 ህሪቭኒያ ድረስ መልሶ ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ ወደ 200 ዶላር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከደሞዝ እየተቆረጠ የተቀመጠ ገንዘብ! ይህ እንግዲህ አይሁድ ያልሆነውንም ሶቪየታዊ ሁሉ የነካ መከራ ነው፣ አልክድም። የአይሁዶቹ የሚለየው ከዚህ በፊት በሆነው ነው። እመለስበታለሁ።

«የመንግሥት ሥራ ነው» ለሚለው ብዙ አልሄድም። አዎ፣ የመንግሥት ሥራ ነው። ግን በ2024 በዩክሬን ዝቅተኛው ጡረታ 2,361 ህሪቭኒያ ነበር፤ ወደ 60 ዶላር ማለት ነው። አገሪቱ ጦርነት ላይ ነች። መንግሥት እስኪችል ድረስ አረጋዊቷ ምን ይብሉ? ጸሐፊው ይህን ጥያቄ አላነሱትም። «ይገባው የነበረው ሌላ ነው» ብሎ እጅ ማጠፍ ለራበው ሰው መልስ አይሆንም።

አሁን ወደዋናው ልምጣ። ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱት ነገር ካሳው ነው።

ካርኪቭ በጀርመን ጦር እጅ የወደቀችው በጥቅምት 1941 ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ በከተማዋ ያሉ አይሁድ ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ ከከተማው ዳር ወዳለው የትራክተር ፋብሪካ ሰፈር እንዲገቡ ታዘዙ። መስኮት በሌለው፣ ማሞቂያ በሌለው ደሳሳ ቤት ውስጥ ታጎሩ። ከዚያ ድሮቢትስኪ ያር ወደሚባለው ሸለቆ እየተወሰዱ ተገደሉ። ቁጥራቸው 15,000 ገደማ ይባላል። ኪየቭ ከተማ፣ ባቢ ያር በሚባለው ሸለቆ ደግሞ በመስከረም 29 እና 30 ቀን 1941፣ በሁለት ቀን ብቻ 33,771 ሰው ተገደለ። ገዳዮቹ ራሳቸው የመዘገቡት ቁጥር ነው። መምህሬ ከእናታቸው ጋር በባቡር ወደ ማዕከላዊ እስያ ሸሽተው ነው የተረፉት። አያታቸው «እኔ አሮጊት ነኝ፣ ምን ያደርጉኛል» ብለው ቀሩ። የትራክተር ፋብሪካው ሰፈር ገቡ። ከዚያ በኋላ ያያቸው የለም።

ከጦርነቱ በኋላ ምዕራብ ጀርመን ካሳ መክፈል ጀመረች። በመስከረም 1952 ሉክሰምበርግ ላይ ከእስራኤልና ስለ ተራፊዎች ካሳ ከሚደራደረው ድርጅት፣ ከዓለም አይሁድ የካሳ ጉባኤ ጋር ስምምነት ተፈረመ፤ የካሳ ሕግም ወጣ። ግን የሶቪየት ነዋሪ አልተካተተም። ምሥራቅና ምዕራብ አውሮፓን የከፈለው የብረት መጋረጃ በመሃል ነበር። እስቲ ይህን ልብ ብለው ያስቡት። ሁለት እህትማማቾች ከአንድ ሸለቆ አፋፍ ተረፉ እንበል። አንዷ ቴል አቪቭ ገባች፣ በየወሩ ካሳ መቀበል ጀመረች። ሌላዋ ዩክሬን ውስጥ ዚቶሚር ከተማ ቀረች፣ አንድ ሳንቲም አላየችም። አርባ ዓመት እንዲህ ሄደ። በምሥራቅ አውሮፓና በቀድሞዋ ሶቪየት ለሚኖሩ ተራፊዎች ወርሃዊ ክፍያ የሚሰጥ ፈንድ የተቋቋመው በ1998 ነው። እንደ መምህሬ ሸሽተው ለተረፉት ደግሞ 2,556 ዩሮ የአንድ ጊዜ ክፍያ የተፈቀደው በ2012 መጨረሻ ነበር። ምዕራብ ያሉት ያንን ክፍያ ከ1980 ጀምሮ ይወስዱት ነበር። ሠላሳ ዓመት ተጨማሪ አስጠበቋቸው። በዚያ መሃል ስንቱ ሳያገኝ አለፈ?

መምህሬ ያንን ገንዘብ ምን እንዳደረጉበት ነገሩኝ። ለእናታቸው መቃብር ድንጋይ አቆሙበት። የቀረውን ብርድ የሚያስገባውን መስኮት አስቀየሩበት። አለቀ።

የናዚ ሰለባዎችን ገንዘብ ይዘው ከቀሩት የስዊስ ባንኮች ጋር በ1998 በተደረገው የ1.25 ቢሊዮን ዶላር ስምምነትም ተመሳሳይ ክርክር ነበር። በተዘረፈ ንብረት ስም ለድሃ ተራፊዎች ከተመደበው ገንዘብ ሦስት አራተኛው ወደ ቀድሞዋ ሶቪየት እንዲሄድ ኒውዮርክ ውስጥ ጉዳዩን ያዩት ዳኛ ኤድዋርድ ኮርማን ወሰኑ። አሜሪካ ያሉ ተራፊዎች ተቃወሙ፣ ይግባኝ ጠየቁ፤ ውሳኔው ግን ጸና። የዳኛው ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ከሁሉ የከፋው ችግር ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው «ምጽዋት» ብለው የጠሩት ገንዘብ ከፊሉ ዕዳ ነው። የዘገየ ዕዳ። ይህንን «ይቁም» ማለት ባለ ዕዳውን ማሰናበት ነው።

«ታዲያ ማኅበረሰባቸው የት ነበር?» ይላሉ ጸሐፊው። ይህ ጥያቄ እኛን ሐበሾችን በደንብ ሊገባን ይገባል። አንድ ሰፈር እድሩን፣ ማኅበሩን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና መስጊዱን በመንግሥት ትእዛዝ ቢያፈርሱበት፣ ከሰባ ዓመት በኋላ አሮጊት ስትቸገር «ሰፈሩ የት ነበር» ይባላል? ሶቪየት ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። የአይሁድ ማኅበረሰብ ተቋማት፣ የመረዳጃውም የቀብሩም፣ ገና በቦልሼቪኮቹ መጀመሪያ ዓመታት ተበተኑ። ከውጭ የሚረዳቸው አንድ የአሜሪካ አይሁድ የእርዳታ ድርጅት ነበር። ጆይንት ይሉታል እዚያ ያሉ ሰዎች። በ1914 በኦቶማን ቱርክ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ሄንሪ ሞርገንታው በፍልስጤም ላሉ የተቸገሩ አይሁድ 50,000 ዶላር ይላክ ብለው ቴሌግራም ከላኩ በኋላ የተቋቋመ ነው። ከ1924 ጀምሮ በክራይሚያና በደቡብ ዩክሬን ሥራ አጥ አይሁድን መሬት ላይ ያሰፍር ነበር፤ ትራክተር ሳይቀር ያስገባ ነበር። በ1938 አባረሩት። ከአገሬው ሠራተኞቹ ብዙዎቹ ታሰሩ፣ የተረሸኑም አሉ። በጥር 13 ቀን 1953 ደግሞ ፕራቭዳ ጋዜጣ «ገዳይ ሐኪሞች» ብሎ ስም ዝርዝር ሲያወጣ፣ አብዛኞቹ አይሁድ ነበሩ፣ የጆይንት ሰላዮች ናቸው ተባለ። ስታሊን በመጋቢት ሞተ፣ ሐኪሞቹ በሚያዝያ ተለቀቁ። ፍርሃቱ ግን ከሰው አልወጣም። ከውጭ ጥቅል ተቀብሎ ጎረቤት እንዳያየው የሚደብቅ ሰው በእኛ ዘመን እንኳ ነበር።

ድርጅቱ የተመለሰው በጎርባቾቭ ዘመን፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1993 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ሄሴድ የሚባለው የመጀመሪያው የእርዳታ ማዕከል ተከፈተ። ቃሉ ዕብራይስጥ ነው፣ ቸርነት እንደማለት። ከዚያ በየከተማው ተስፋፋ። እዚያ ያሉ አረጋውያን «ከሄሴድ መጡ» ሲሉ ብዙ ነገር ማለታቸው ነው፦ ግሬችካ የሚባለው እህል፣ ዘይት፣ ስኳር፣ የጣሳ ዓሣ፤ በኋላ ደግሞ በጥቅሉ ፋንታ ራሳቸው ሱፐርማርኬት ገብተው የሚገዙበት ካርድ፤ መድኃኒት፤ በክረምት ብርድ ልብስና የማሞቂያ ገንዘብ፤ በውሰት የሚሰጥ ተሽከርካሪ ወንበርና ምርኩዝ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፓትሮናዥ የሚሏት ሴት። ቤት ድረስ መጥታ የምታጥብ፣ የምታበስል፣ ፀጉር የምታበጥር፣ አምስተኛ ፎቅ ዳቦ ይዛ የምትወጣ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዚህ ሥርዓት የሚረዱት ከ200,000 በላይ ነበሩ። ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከቀሩት ብዙዎቹ ሞተዋል።

«እስራኤል ይሂዱ» የሚለው ነጥብ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። መሄድ የቻለው እኮ ሄዷል። ከ1989 ወዲህ ወደ እስራኤል ብቻ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ከነቤተሰቡ ገብቷል። የቀሩት መሄድ ያቃታቸው ናቸው። አንዱ የአልጋ ቁራኛ ሚስት አለችው። ሌላዋ ልጇ የተቀበረበትን አገር ትታ አትሄድም። መምህሬን ስጠይቃቸው «በ83 ዓመቴ በስንተኛው ቋንቋ ነው ሐኪም የማናግረው?» አሉኝ። የቋንቋ አስተማሪ ናቸው፣ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። ደግሞስ ሄደው ምን ያገኛሉ? ጀርመን ከ1991 ጀምሮ ከ200,000 በላይ የሶቪየት አይሁድን ተቀብላለች። የሶቪየት ዘመን የሥራ ዓመታቸው ለጡረታ ስላልተቆጠረላቸው፣ መሐንዲስና ዶክተር የነበሩ ሰዎች በእርጅናቸው የመንግሥት ድጎማ ላይ ወደቁ። ለእነሱም ጭምር ተብሎ በ2023 የተጀመረው የችግር ፈንድ የሰጠው በአብዛኛው አንድ ጊዜ 2,500 ዩሮ ነበር። አገር መቀየር ብቻውን ድህነትን አላስቀረም።

«አድልዎ ነው» ወዳሉት ስመጣ፣ ጸሐፊው እድር እንዳላቸው እገምታለሁ። እድራችን ለአባሉ ድንኳን ሲተክል ሌላውን ሰፈር በደለ ይባላል? በውጭ አገር ያለነው እንኳ ሰው ሲሞትብን አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ የምናዋጣው ለወገናችን ነው፤ ማንም አድሎኛ አላለንም። ወገኑን የማይረዳ ሌላውን ይረዳል ብሎ መጠበቅም ይከብዳል። እውነቱ ግን ከዚህም ይሰፋል። ለእነዚህ አረጋውያን ከሚሰጡት ትልልቅ ለጋሾች አንዱ ረቢ ዬኪኤል ኤክስታይን በ1983 ያቋቋሙት የክርስቲያኖችና የአይሁድ ኅብረት ነው። ገንዘቡን የሚያዋጡት በአብዛኛው አሜሪካ ያሉ ተራ ክርስቲያኖች ናቸው። ጆይንትስ ቢሆን? አዲስ አበባ ውስጥ በማዘር ቴሬዛ ቤት ለብዙ ዓመታት የሠሩትን ዶክተር ሪክ ሆድስን የማያውቅ አለ? ጀርባቸው የጎበጠ ልጆቻችንን፣ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም፣ ለቀዶ ሕክምና ወደ ጋና ሲልኩ የኖሩት በዚሁ ድርጅት ሥር ሆነው ነው። «ለወገን ብቻ» የሚለውን ጸሐፊው ከየት እንዳመጡት አልገባኝም። በተለይ በአማርኛ ለሚያነብ ሰው መጻፉ አሳዘነኝ።

«ዓሣ ከመስጠት ማጥመድ ማስተማር» ብለውም ጽፈዋል። ለወጣት ልክ ነው። 88 ዓመቷን ሴትዮ፣ አንድ ጎኗ በስትሮክ የማይታዘዛትን፣ ምን ትሠልጥን? ሥራዋን ጨርሳለች። ጥገኛ ማለት መሥራት እየቻለ የማይሠራ ነው። እዚያ ያየሁት ደግሞ የተገላቢጦሹን ነው። ሄሴድ ከተጀመረ አንስቶ ራሳቸው ጡረተኞቹ በጎ ፈቃደኛ ሆነው የኖሩበት ቤት ነው። የቀድሞው መሐንዲስ የጎረቤቱን ሬዲዮ ይጠግናል፣ የቀድሞዋ ነርስ ግፊት ትለካለች፣ ጫማ የሚሰፋም አለ። መምህሬ እግራቸው ይታዘዛቸው በነበረ ጊዜ ማየት ለተሳናቸው ጋዜጣ ያነቡ ነበር። መውጣት ሲያቅታቸው በስልክ ማንበብ ቀጠሉ።

አንድ ቦታ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ስርቆቱ እውነት ነው። በካሳ ጉባኤው ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ከውጭ ካሉ ተባባሪዎች ጋር ሆነው የሐሰት ማመልከቻ እየሠሩ 57 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስወስደዋል። ለዓመታት ሳይታወቅ መቆየቱ ያማል፤ የተራፊ ስም ተሸጦ የተበላ ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ ጸሐፊው ያላሉት አለ። በ2009 ነገሩን ደርሶበት ለኤፍ ቢ አይ ያመለከተው ራሱ ጉባኤው ነው፤ ሰዎቹ ተከስሰው ተፈርዶባቸዋል። ሌባ ተገኘ ተብሎ ምጣዱ አይሰበርም። ቁጥጥሩ ይጥበቅ፣ እስማማለሁ።

በሌላ ነገርም እስማማለሁ። ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ሲባል የሚያለቅሱ አሮጊቶችን ፊት በቴሌቪዥን ደጋግሞ ማሳየት አልወደውም። መምህሬ እንደዚያ እንዲታዩ አልፈልግም። ሰው ክብር አለው፣ ድሃም ቢሆን። እሱ ይስተካከል እንጂ የማስታወቂያው ጥፋት በዳቦው ላይ አይላከክ።

የቀረው «ጥቂት ዓመት ነው የቀራቸው» ያሉት ነው። ይህን ሳነብ ነው ለመጻፍ የተነሣሁት። በ1941 ሕጻን የነበረ ዛሬ ከ80 በላይ ነው። አዎ፣ ጥቂት ነው የቀራቸው። ግን በዚያ ጥቂት ጊዜ ምን እንደሚደርስባቸው ጸሐፊው አይተዋል? ማሪዮፖል በምትባል የዩክሬን ከተማ ውስጥ በ1941 የአሥር ዓመት ልጅ ሆና ከናዚዎች ምድር ቤት ተደብቃ የተረፈች አይሁዳዊት ነበረች። በሚያዝያ 2022 እዚያው ከተማ፣ ከቦምብ በተሸሸገችበት ምድር ቤት ውስጥ፣ በ91 ዓመቷ ሞተች። በብርድና በውሃ ጥም። በዚያው ጸደይ የካሳ ጉባኤውና ጆይንት የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ተራፊዎችን ከዩክሬን በአምቡላንስ እያወጡ ጀርመን አስገቡ። በልጅነታቸው ከጀርመን ጦር የሸሹ ሰዎች በእርጅናቸው ጀርመን ተጠለሉ። ይህን ሁሉ ማድረግ የተቻለው ለሠላሳ ዓመት የተያዘ ዝርዝር ስለነበረ ነው፤ የትኛው ፎቅ ላይ ማን አልጋ ላይ እንደተኛ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚያስፈልገው፣ ቁልፉ የማን ጎረቤት ጋ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ስለነበረ። እርዳታው ቀደም ብሎ ቆሞ ቢሆን ያ ዝርዝር አይኖርም ነበር።

መምህሬ ጦርነቱን አላዩም። በ2019 አረፉ። ፓትሮናዧ ማክሰኞና ሐሙስ ነበር የምትመጣው፤ አይሁድ አይደለችም፣ የዚያው ሰፈር ሴት ናት። ሐሙስ ጠዋት ገብታ ያገኘቻቸው እሷ ነች። ዓይናቸውን የከደነችውም፣ ለእኔም የደወለችልኝ እሷ ነች። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ሦስቱ ፖስታዎች እንዳሉ ነበሩ አለችኝ። «መድኃኒት» የሚለው ውስጥ ለሁለት የተከፈለ ኪኒን ነበረበት።